በአንሶላ ያልተፈተነው ዘፈን

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እኔ የአንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ሆድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ፣ በእጄ መበየጃ፣ በጥርሴ ብሎን ይዤ አንገቴን ደፍቻለሁ። እህቴ የሱቄን በር በእግሯ ገፍታ ገባች። እንዴት አደርክ የለ፣ ምን የለ። ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«አንብበው» አለች። «እኔ ሦስቴ አንብቤው ዓይኔን ማመን አቃተኝ።»

ብሎኑን ተፍቼ አነበብኩ። ብድግ ስል ከጣሪያው የተንጠለጠለው አምፖል ግንባሬን መታኝ፤ ግን ማን ልብ ብሎት! «ተፈቀደ!» ብዬ ስጮህ ጎረቤቴ ጫማ ሠሪው ሰው የሚገደል መስሎት መዶሻውን እንደያዘ ከተፍ አለ። ነገሩን ሲሰማ መዶሻውን ጥሎ እህቴን አቀፋት። ሦስታችን በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስንዘል ሁለት ሬዲዮ ጣልን። አንዱ እስከ ዛሬ አልሠራም።

አራት ዓመት! የአውቶቡስ ሾፌሮች ሥራ ያቆሙ ጊዜ፣ ከቆመ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጥታ በኤሌክትሪክ ጊታሯ ከተማውን ካናወጠችው ቀን ጀምሮ እህቴ ታግዳ መድረክ የሚባል ነገር ረግጣ አታውቅም። ትምህርት ቤት ውስጥ ለሕፃናት ዋሽንት እያስተማረች ነው የኖረችው። አሁን የመድረክ ፈቃድ ኮሚቴው በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በከተማው ትልቁ ሜዳ፣ አሥራ አንድ ዘፈን እንድትዘፍን ፈቅዷል። የእያንዳንዱ ዘፈን ግጥም ተተይቦ፣ ማኅተም ተመትቶበት ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል። ከታች ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተሰምሮባታል፦ ከጸደቀው ግጥም አንዲት ቃል ብትለወጥ ዝግጅቱ ወዲያው ይቋረጣል፣ ፈቃዱም ለዘለቄታው ይሰረዛል።

ጫማ ሠሪው ወደ ሥራው ሲመለስ እህቴ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት።

«እማዬ ትመጣ ይሆን?» አለችኝ።

ይሄን ጥያቄ ፈርቼው ነበር።

እህቴን ከተማው በሙሉ ሽቦ ይላታል። ስሙን ያወጡላት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሴቶች ናቸው፤ በልጅነቷ ቀጫጫ ነበረች፣ ዛሬም ብዙ አልወፈረችም። እኔን ደግሞ ፊውዝ ይሉኛል። ቶሎ ስለምቃጠል ነው አሉ። ውሸታቸውን ነው። ማንም ሰው ቀኑን ሙሉ ፊውዝ ፊውዝ ቢባል ይቃጠላል።

እናታችን ሠላሳ ዓመት የሠራችው እዚያው ልብስ ማጠቢያ ነው፣ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት። ከትምህርት ቤት መልስ የምንውለው እዚያ ነበር። እንፋሎቱ፣ የማሽኑ ጩኸት፣ መጨረሻ የሌለው አንሶላ! ሴቶቹ አንሶላ የሚያጥፉት ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ጫፍና ጫፉን ይዘው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ጠፍ! አድርገው ይወጥሩታል፣ ከዚያ ተራምደው ይገናኛሉ፣ ጫፉን ለጫፍ ይሰጣጣሉ፣ እንደገና ወደ ኋላ። እህቴ ዘፈን የተማረችው ከዚህ ነው። የሴቶቹን እንጉርጉሮ ወስዳ ከሥሩ ጊታርና ከበሮ አስገባችበት፤ ከበሮው ጠፍ! የሚልበት ቦታ አንሶላው የሚወጠርበት ቦታ ነው። ጋዜጠኞች ስለ ስልቷ ስንት ገጽ ሲጽፉ ያቺን ጠፍ አንዳቸውም አላገኟትም።

አዲስ ዘፈን ስትሠራ አንድ ደንብ ነበራት። ባንዱ ሳይሰማ፣ የድምፅ ሠራተኛው እኔም ሳልሰማ፣ መጀመሪያ ምድር ቤት ወርዳ ለአጣፊዎቹ ትዘፍናለች። ሴቶቹ ሥራ አቁመው ካዳመጧት ዘፈኑ ወድቋል። አንሶላው ከዘፈኑ ጋር መሄድ ከጀመረ፣ እጃቸው ሳያውቁት ዜማውን ከያዘ፣ አልፏል። ሥራ አስቁሞ የሚጨበጨብለትን ዘፈን አትወድም ነበር። «ለእንግዳ የሚጨበጨብ ጭብጨባ ነው» ትላለች። ስንት የምወደው ዘፈን በእነዚያ አንሶላዎች ምክንያት ቀርቶብኛል፣ አሁንም ያንገበግበኛል።

ሳይፈተን የወጣ ዘፈን አንድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ስም ያሰጣት ዘፈን ሆነ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ባንዱ በአሮጌ ሚኒባስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሳለ የእማዬን ቀኝ እጅ የካውያው ማሽን በላው። ያ ማሽን ሁለት ትልልቅ የጋሉ ሮለሮች አሉት፤ አንሶላው በመካከላቸው ሲያልፍ ተተኩሶ ይወጣል። እኛ ስንደርስ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ መድኃኒት ተሰጥቷት ተኝታለች። እህቴ አልጋው አጠገብ ቆማ አየቻትና ወጣች። በሁለት ቀን ውስጥ ዘፈኑ ተሠርቶ፣ ተቀርጾ አለቀ። ቁጣው ሳይበርድ ይውጣ ብላ ነው። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

እሳት ሲበላት እጇን፣ እናቴ አለቀሰች፤
በነጩ አንሶላ ላይ፣ እንባዋን አፈሰሰች።

አገር አለቀሰ። ታክሲው ውስጥ፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ የፋብሪካ በር ላይ፣ የት ያልተዘፈነበት አለ? ሰው ሁሉ የገዛ እናቱን አየበት። አንዲት ሴት ብቻ አልወደደችውም፤ እሷም እናታችን ናት። ዘፈኑ ሲጀምር ክፍሉን ለቃ ትወጣለች። እህቴን ትወዳታለች፣ ታበላታለች፣ ስትታመም አጠገቧ ታድራለች። ግን «ያንን ዘፈን በምትዘፍኚበት ቦታ እግሬ አይደርስም» እንዳለች ዘጠኝ ዓመት ሞላት። እኛ ሐፍረት ነው ብለን ነበር፤ ስሟ በሰው አፍ መግባቱን ጠልታ ነው ብለን።

ረቡዕ ዕለት የመጀመሪያውን ረድፍ መግቢያ ወረቀት ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ደብዳቤውን ሳነብላት እንደ ልጃገረድ ዘለለች። አቅፋኝ ግንባሬ ላይ ያበጠውን ሳመችኝ። ከዚያ የዘፈኖቹን ዝርዝር ሳነብ አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ፊቷ ተዘጋ።

«እሱም አለበት?»

«እማዬ፣ ሰው የሚመጣው ለእሱ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ሰው ይምጣላት» አለችና መግቢያውን መልሳ በኪሴ ከተተችው።

ነደድኩ። በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ወረድኩ። እማዬ የዚያን ቀን ዕረፍት ስለነበረች የማጠፊያ ጓደኛዋ ብቻዋን የትራስ ልብስ ትቆልላለች። እትዬ ረጅሟ እንላታለን፤ እማዬ አጭር፣ እሷ ረጅም ስለሆኑ እነሱ ያጠፉት አንሶላ ሁልጊዜ ትንሽ ይጣመማል።

«እትዬ፣ እባክዎ ይለምኑልኝ» አልኳት። «ለአንድ ዘፈን ብላ የልጇን ቀን ልታበላሽ ነው?»

እትዬ ረጅሟ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሬዲዮ በአገጯ አመለከተችኝ። «ያ ሬዲዮ ያን ዘፈን ሲጀምር ምን እንደምናደርግ ታውቃለህ? እናጠፋዋለን። አርባ ሴት ነን፣ አርባችንም።»

ክው አልኩ። በከተማው ውስጥ የእህቴ ዘፈን የሚጠፋበት አንድ ቦታ ቢኖር ዘፈኗ የተወለደበት ቦታ ነው ማለት ነው።

«ለምን?»

«እናትህ አላለቀሰችማ!» አለች፣ የትራስ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ። «አንተ ልጅ፣ እውነት ሳታውቅ ቀርተህ ነው?»

አላውቅም ነበር። እዚያው ቆሜ ሰማሁ። የማሽኑ የእጅ መከላከያ ከተሰበረ አምስት ወር ሆኖት ነበር። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈዋል፣ ማንም አልመጣም። እማዬ እጇ ሲያዝ በግራ እጇ ቀዩን ማጥፊያ መታችው፣ ሮለሩን አስለቅቃ እጇን አወጣች። ከዚያ ሴቶቹ ወደ ሐኪም ሊወስዷት ሲሉ በርጩማዋን ጎትታ ማጥፊያው ፊት ለፊት ቁጭ አለች። «ይሄ ማሽን ዛሬ የሚነሳው ዳይሬክተሩ እዚህ ወርዶ ሲያየው ነው» አለች። የእጇ ቆዳ ተልጦ! ሌሎቹ ሴቶች በሙሉ እጃቸውን አጣምረው ከጎኗ ቆሙ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ዳይሬክተሩ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ደረጃ ወረደ። መከላከያው የዚያኑ ቀን ተገጠመ። ከዚያ በኋላ አንዲት ሴት እዚያ ማሽን ላይ ጣቷን እንኳ አልተላጠችም።

«እና እህትህ አልቅሳ ቀረች ብላ ለአገር ነገረች» አለች እትዬ ረጅሟ።

ወደ እህቴ የሄድኩት በሩጫ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሆድ ጀምሬያለሁ፣ ግን ሮጥኩ። ዋሽንት ስታስተምር አገኘኋትና በሕፃናቱ ፊት ሁሉንም ዘረገፍኩት። እህቴ ዋሽንቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ መልሳ አወጣችው፤ መልሳ ከተተችው።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ሁለታችን ምድር ቤት ወረድን። እማዬና እትዬ ረጅሟ አንሶላ እያጠፉ ነበር። እህቴ ጊታሯን አላነገበችም፤ ባዶ እጇን መጥታ መሐላቸው ገባች።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

እማዬ አንሶላውን አልለቀቀችም። «መቼ ጠየቅሽኝ?» አለች።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ...»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። የሾፌሮቹን ታሪክ ጠየቅሽ፣ የወደብ ሠራተኞቹን ጠየቅሽ። ያንን የዳቦ ጋጋሪ ጉልበት ምን እንደነካው እንኳ ጠይቀሽ ዘፈን አወጣሽለት። እኔን ግን ተኝቼ አየሽኝና አለቀሰች አልሽ። ስነቃ መጥተሽ ምን ሆንሽ ብትይኝ ምን ነበረበት?»

እህቴ አለቀሰች። በቤታችን ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ካለ እሷ ናት፤ ይሄን በመድረክ ላይ የሚያውቋት አያምኑትም። እማዬ ያን ጊዜ ነው አንሶላውን የለቀቀችው። በዚያ በተሸበሸበ ቀኝ እጇ የእህቴን ፊት ጠረገች።

«ንገሪኝ» አለቻት እህቴ። «አሁን ንገሪኝ።»

ነገረቻት። ሴቶቹም ከየማሽናቸው መጥተው የረሳችውን እያስታወሱ፣ ቃል እየተነጣጠቁ፣ የዳይሬክተሩን አረማመድ እያስመሰሉ ነገሯት። የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ሲል እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በቀስታ፣ ያለ ጊታር፣ አዲሱን አዝማች ሞከረችው። እትዬ ረጅሟና እማዬ አንሶላቸውን አንስተው ነበር። ወደ ኋላ ሄዱ፣ ጠፍ! ተራመዱ፣ ጠፍ! ከጎናቸው ያሉት ሁለቱ ተከተሉ፤ ከዚያ በስተኋላ ያሉት። ማንም ቆሞ አላዳመጠም። ዘፈኑ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ፈተናውን አለፈ።

እህቴ ስትጨርስ ግን እማዬ ጎትታ ወደ ጥግ ወሰደቻት። እኔም ሾልኬ ቀረብኩ።

«አሁን ስሚኝ» አለቻት። «እሑድ ወረቀቱ ላይ ያለውን ዝፈኚ። አራት ዓመት ጠብቀሻል። አንዲት ቃል ብለሽ መድረክሽን እንዳታጪ። አንቺ አውቀሽልኛል፣ ይበቃኛል።»

«ትመጫለሽ?»

እማዬ አንሶላዋን አነሳች። የሥራ ደወሉ ተደወለ።

እሑድ! ሜዳው ገና በስድስት ሰዓት ጢም አለ። ዛፍ ላይ ሰው፣ አጥር ላይ ሰው፣ ከአምቡላንሱ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ሰው። «ሽቦ! ሽቦ! ሽቦ!» ሲሉ የድምፅ ማስተካከያ ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ በሜዳው መሐል ባለች ድንኳን ውስጥ ነኝ። ከጎኔ የኤሌክትሪኩ ሳጥን አለ፤ ላዩ ላይ ቀይ ማጥፊያ አለው። ከሳጥኑ ቀጥሎ ኮሚቴው የላከው ተቆጣጣሪ ተቀምጧል። ሦስት የተቀረጹ እርሳሶች በደረት ኪሱ ደርድሮ ስለመጣ ወዲያውኑ እርሳስ አልኩት። የጸደቁትን ግጥሞች ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቃል በቃል እየተከተለ ምልክት ያደርጋል።

«እጄን ሳነሳ ያንን ቀይ ታጠፋዋለህ» አለኝ።

«ካላጠፋሁትስ?»

«እኔ አጠፋዋለሁ።»

ደሜ ፈላ፤ ግን ለእህቴ ስል ዋጥኩት።

እህቴ ስትወጣ የሰማሁትን ጩኸት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያውን ዘፈን ስትጀምር ድምጿ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛው ላይ ተቃና፤ አራተኛው ላይ ከተማውን ተቆጣጠረችው። ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ጠፍ! ይላል፣ ሕዝቡ ይዘላል፣ አቧራው ይነሳል። እርሳስ እንኳ በእግሩ ምት ይመታ ነበር። በስምንተኛው ዘፈን ላይ ከኋላዬ ያለው ሕዝብ መተላለፊያ ሲከፍት አየሁ። ሰማያዊ የሥራ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ከሥራ ቀጥታ፣ የልብስ ማጠቢያው ሴቶች እየመጡ ነው። ከፊት ለፊታቸው እማዬ፣ ያቺን በርጩማዋን በብብቷ ይዛ።

«የሰው ወንበር ወገቤን ያመኛል» አለችኝና ከጎኔ አደላድላ ተቀመጠች።

«እዚህ መቀመጥ አይቻልም» አለ እርሳስ።

«እናቱ ነኝ» አለች፣ ወደ እኔ እየጠቆመች። እርሳስም ለዚህ የሚሆን ደንብ ወረቀቱ ላይ አጣ።

አሥራ አንደኛው ደረሰ። እህቴ የመጀመሪያውን ስንኝ እንደተጻፈው ዘፈነች። እርሳስ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ይሄን ዘፈን የሚወደው ነው መሰለኝ። ወደ አዝማቹ ሲቃረብ ሜዳው በሙሉ አፉን ከፈተ፣ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋልና። እህቴ ወደ ድንኳኑ አየች። ሰማያዊ ካፖርቶቹን አየች። እማዬ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች፤ አታድርጊው ማለቷ ነው።

እሳት ሲበላት እጇን፣ እናቴ...

ሕዝቡ «አለቀሰች!» ብሎ ጮኸ። በማይክሮፎኑ ግን የወጣው ሌላ ነበር፦

...እናቴ ተቀመጠች፤
ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ፎቁን አናወጠች!

ለአንድ ምት ያህል ያ ሁሉ ሕዝብ ግራ ተጋብቶ እርስ በርሱ ተያየ። እህቴ ደገመችው፤ ያን ጊዜ ግማሹ ያዘው። ስትሠልሰው ሜዳው በሙሉ «ተቀመጠች!» አለ፤ እንደ ማዘን አይደለም፣ እንደ ማዘዝ ነው። ሰው ሲያለቅስበት የኖረውን ዘፈን ይዘልበት ጀመር። ጮህኩ፣ ምን እንዳልኩ አላውቅም።

እርሳስ እጁን አነሳ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ተነስቶ ወደ ቀዩ ማጥፊያ ሄደ፤ ግን ቀድማው የደረሰች ሰው ነበረች። እማዬ በርጩማዋን ከሳጥኑ ፊት አስጠግታ፣ ጀርባዋን ለማጥፊያው ሰጥታ ቁጭ ብላለች።

«እናቴ፣ ይነሱ!» አላት እርሳስ።

«እናቴ ተቀመጠች!» አለ ሜዳው።

«ሲያልቅ» አለችው እማዬ።

እርሳስ ቀኝ እጇን አየ። ወደ መድረኩ አየ። ከበርጩማዋ ኋላ እጃቸውን አጣምረው የቆሙትን ሴቶች አየ። ከዚያ ወረቀቱን አየና እርሳሱ በአየር ላይ ቀረ። የእማዬ እጆች ደግሞ ጉልበቷ ላይ የሌለ አንሶላ ያጥፋሉ፤ ወደ ኋላ፣ ጠፍ፣ ወደ ፊት፣ ጠፍ። የምታደርገውን የምታውቅ አይመስለኝም።

ሰኞ ጠዋት ፈቃዱ ተሰረዘ፣ ይሄን አልደብቅም። እህቴ ዛሬም ዋሽንት ታስተምራለች። ያንኑ ሰኞ ጠዋት ግን ወደ ሱቄ ስሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ሾፌሩ ሲያንጎራጉር ሰማሁት፣ በአዲሱ ቃል።

ግን ያ የሰኞ ነው። እሑድ ዘፈኑ አለቀ፣ የመጨረሻው የጊታር ድምፅ ጠፋ፣ ጩኸቱ ገና አልጠፋም ነበር። እማዬ በርጩማዋን ይዛ ብድግ አለች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ወደ እርሳስ ዞረች።

«አሁን ማጥፋት ይችላሉ» አለችው።

ወደ እኔ ስትዞር ጉንጯ ከላይ እስከ ታች ርሷል። አፌን ልከፍት ስል ያንን ጠባሳ ያለበት እጇን አፌ ላይ ጫነችው።

«ላብ ነው» አለችኝ። «ደግሞ ለእህትህ ነግረህ ሌላ ዘፈን እንዳታስወጣብኝ።»